ሰማይ ያልጻፈበት መስታወት

ማንችስተር፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1945

ይድረስ ለተከበሩት ለአክስቴ ለፒሺማ ኪሮዳ፣ ዳርጂሊንግ

ውድ ፒሺማ፣ ከሩቅም ቢሆን ጎንበስ ብዬ እግርዎን ነክቻለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ መርከቡ ካንገላታኝ በቀር በሰላም ገብቻለሁ። ከተማው ከጡብና ከጭስ የተሠራ ነው፤ ፀሐይ የምትባለውን ነገር እስካሁን አላስተዋወቁኝም። አከራዬ ሳሪዬን ባየች ቁጥር "ልጄ፣ መጋረጃ ተጠቅልለሽ አይበርድሽም?" ትለኛለች።

ደብዳቤዎ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ። "ከራሴ በላይ፣ ከጣራው ሥር ያስቀመጥሽው ሳጥን ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?" ብለዋል። ስሰናበትዎ በጥድፊያ ስለነበር በወጉ አላስረዳሁዎትም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎ በቆርቆሮ የታሸገ ብዙ መስታወት ነው። ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ሆኖ ላዩ በወፍራሙ የተቀባ። ከሰማይ ቀንም ሌትም የሚወርድ ነገር አለ፣ ፒሺማ፤ ከአቧራ እጅግ ያነሰ። ጣራውን ያልፋል፣ እርስዎንም ሳይነግርዎት ያልፋል፣ ከዚያ ምድር ውስጥ ይገባል። በመስታወቱ ቅብ ውስጥ ሲያልፍ የሄደበትን መንገድ ጭሮ ይተዋል። መስታወቱ በመድኃኒት ሲታጠብ ጭረቱ በማጉያ መነጽር ይታያል። ካልካታ ሳለሁ ቅቡ ስስ በሆነ መስታወት ላይ አንድ እንግዳ ጭረት አይቻለሁ፤ አንድ ነገር መጥቶ፣ ቆሞ፣ ከቆመበት ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖ ሲሄድ። ይህን እስካሁን በስም የሚጠራው የለም። እዚህ የሚመሩኝ ፕሮፌሰር ሃርግሪቭ ሥዕሎቼን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩና "የእኔ እመቤት፣ ይሄ ፀጉር ሊሆን ይችላል" አሉኝ።

የሚያምኑኝ ጭረቱን በወፍራም ቅብ ላይ፣ እንደ እርስዎ ተራራ ከፍ ያለ ቦታ ብዙ ወራት ከቆየ መስታወት ሳሳያቸው ብቻ ነው። ጦርነቱ ባመጣው ጣጣ እንዲህ ያለ መስታወት ከየትም አይገኝም። እርስዎ ጋ ያለው ብቻ ነው። እሱ ከሰመረ አገኘሁት ያልኩት ነገር በስሜ ይመዘገባል፤ ካልሰመረ ፀጉር አይታ የደነገጠች ሴት ሆኜ እቀራለሁ።

ስለዚህ አደራዬን ልድገመው። አይከፈት። ብርሃን አይየው። ከሁሉ በላይ እርጥበት አይንካው፤ ቅቡ ከረጠበ ያብጣል፣ የተጻፈበትም ሁሉ ይጠፋል። በቆርቆሮውና በእንጨት ሳጥኑ መካከል ያለውን የተቆላ ሩዝ ግን በየወሩ ይቀይሩልኝ፤ የክፍሉን እርጥበት የሚጠጣልኝ እሱ ነው። መጪው ክረምት አልፎ እስከ ኖቬምበር ድረስ እዚያው ይቆይ።

ልጅዎ፣ ቡሊ


ዳርጂሊንግ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1946

ይድረስ ለተማረችው ለታሩላታ፣ ለእኔ ግን ለቡሊ

አምላኬ ጎፓል ከብርዱም ከሰው ዓይንም ይሰውርሽ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ጤና ይስጥሽ። ዕውቀት ይስጥሽ እንዳልል የሰጠሽ ለሌላ ሰው ሳይተርፍ አልቋል መሰለኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል፤ ለሩዝሽ ብዬ ግን እወጣለሁ። የቤት ሠራተኛዬ ማይሊ "እኔ ልውጣልዎት" ስትለኝ "አንቺማ ሩዙን ትቆረጥሚዋለሽ" ብያት ሳቀች። ስትስቅ አፏን ሸፈነች። ጠረጠርኩ።

አሁን ወደ ወሬው። ጎረቤታችን ሃራዳን ባቡ ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደብዳቤ ማደሉ ቢቀርባቸው ወሬ ማደል ይዘዋል። ገበያ መሀል ቆመው "የኪሮዳ ዘመድ ከጣራ ሥር ቦምብ አስቀምጣ ሄደች!" ብለው አወጁልሽ። የጃፓኑ ነገር ከተሰማ ወዲህ እንኳን ይህን ሰምቶ፣ ድስት ሲወድቅም ሰው ይሮጣል። በማግስቱ ፖሊስ መጣ።

"እማማ፣ እላይ ምን አለ?"

"የሰማይ ጽሑፍ።"

"ማን ጻፈው?"

"እሱን ለማጣራት ነው ልጅቱ እንግሊዝ የሄደችው።"

ትኩስ የሉቺ ቂጣ ጠብሼ ከድንች ጋር አቀረብኩለት። ጠግቦ እጁን ታጠበና "እንግዲህ ሊፈነዳ ሲል ያስጠሩኝ" ብሎኝ ወጣ።

ሃራዳን ባቡ ደግሞ አያፍሩም፣ "ለመሆኑ ምንሽ ናት? የአጎትሽ የልጅ ልጅ! ለሩቅ ዘመድ ይሄ ሁሉ ደረጃ መውጣት ምንድን ነው?" ይሉኛል። እውነት ነው፣ አባትሽ የአጎቴ ልጅ ነው። ባሌ ሞቶ ሁሉም "የባሏ ወገኖች ያስጠጓት" ሲል ግን ከቦሪሻል ድረስ መጥቶ በሬ ላይ የቆመው አባትሽ ብቻ ነበር። ሩቅ የሚባለው እንዲህ ከሆነ የቅርቡን እነሱ ይውሰዱት።

አንድ የሻይ እርሻ ሐኪም አለ፤ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ የለውም። እሱም መነጽር ያደርጋል፣ አንቺም ታደርጊያለሽ። ስትጣሉ መነጽራችሁን ብታወልቁ ኩርፊያውም አይታያችሁም። አስቢበት። ግራጫ የሱፍ ክር ካገኘሽ ደግሞ ለጉልበቴ።

የምትባርክሽ፣ ፒሺማ


ማንችስተር፣ ማርች 20 ቀን 1946

ውድ ፒሺማ፣ እግርዎን ነክቻለሁ፤ ምርቃትዎ ደርሶኛል። ክሩን በዚህ ሳምንት ልኬያለሁ። ስለ ፖሊሱ ያነበብኩ ዕለት ብቻዬን ስስቅ አከራዬ ታምሜ መስሏት ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ። ለሐኪሙ ግን ከማጉያ መነጽር ጋር ከተጋባሁ ቆየሁ ብለው ይንገሩልኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ዓይኔን የሚያሳርፍልኝ ባል አይደለም።

እዚህ የሰማሁትን ልንገርዎት። በሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች እኔ የምፈልገውን መፈለግ ጀምረዋል። ፋብሪካው ወፍራሙን መስታወት እንደገና መሥራት ሲጀምር የመጀመሪያው ለእነሱ ሆነ፤ የእኔ ስም ከወረፋው ጭራ ነው። መስታወታቸውን ተሸክመው በረዶ ተራራ ላይ ወጥተዋል። በማጉያ መነጽር የሚፈልጉላቸው ብዙ ወጣቶች ቀጥረዋል። እኔ እርስዎ አሉኝ።

የምበልጣቸው በአንድ ነገር ነው። የእኔ ቀድሞ ወጥቷል። ሰማዩ እርስዎ ቤት የጻፈው ከእነሱ ይልቅ ብዙ ነው። ፕሮፌሰር ሃርግሪቭ ትናንት በኮሪደር ላይ አስቁመውኝ "ያ የአክስትሽ ሳጥን መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ። እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ኖቬምበር አልኳቸው። "ይሁን፣ ከኖቬምበር በፊት ግን ማንም አይቅደምሽ" አሉኝ፤ ማን ይቅደም ማን አይቅደም የምወስነው እኔ ይመስል።

ልጅዎ፣ ቡሊ


ዳርጂሊንግ፣ ሜይ 12 ቀን 1946

ለልጄ ለቡሊ፣ ጎፓል ይጠብቅሽ

ክሩ ደርሷል፤ ለጉልበቴ ሠርቼው ለብሼዋለሁ። ዛሬ ግን ሳቅ የለም።

ሃራዳን ባቡ ለልጃቸው ልጅ ሠርግ ፎቶ ሊነሱ ሄደው ነበር። ፎቶ አንሺውን በወሬ ይዘውት የመስታወት ነገር ተነሣ። ሰውየው ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? መስታወቱ ላይ የሚቀባው ነገር ከላም አጥንትና ከላም ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው አላቸው። ሃራዳን ባቡ ፎቶውንም ትተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ውጭ ቆሙ። "ይግቡ እንጂ፣ ሻይ አለ" ብላቸው "ዛሬስ እዚሁ ይሻለኛል" አሉኝ። በዚህ ቤት ሻይ እምቢ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው።

ሳጥንሽ ያለበትን ታውቂዋለሽ። ልክ ከሥሩ የጎፓል ምስል ያለበት የጸሎት ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት አጥቤ፣ ልብሱን ለውጬ፣ ወተቱን የማቀርብለት እዚያ ነው። ታዲያ እስካሁን በላዩ የላም አጥንት አስቀምጬ ኖሯል የማመልከው?

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ለጎፓል ጸሎት የሚመጡልኝ ካህን "እስኪጣራ ድረስ" ብለው ቀሩ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው የሚውሉት ሴቶች ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው እየሳቡ ያልፋሉ፤ ከእጄ ውሃ የሚቀበል ጠፋ። ባል የሌላት ሴት ያላት ነገር ንጹሕ መሆኗ ብቻ ነው፣ ቡሊ። እሱን ካጣሁ ምን ይቀረኛል? "ገደል ጣይው" ይሉኛል። "የልጅቱ ዓይን እዚያ ውስጥ ነው" አልኳቸው። ወደ ታችኛው ቤት እንዳላወርደው ግድግዳው በክረምት ውሃ ያለቅሳል፤ እርጥበት አይንካው ብለሻል።

አንድ ቃል ጻፊልኝ። "መስታወት ብቻ ነው" በይኝና ቃልሽን ይዤ ገበያ መሀል እቆማለሁ። እውነት ከሆነም እውነት ነው በይኝ፤ መላ እፈልጋለሁ። ብቻ ዝም አትበይኝ።

ፒሺማ


ማንችስተር፣ ጁላይ 21 ቀን 1946

ውድ ፒሺማ፣ እግርዎን ነክቻለሁ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ሥራው በዝቶብኝ ነው።

እዚህ በጋ ነው ይላሉ፤ ኮት ለብሰው። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ስለ ስሱ መስታወት ሥራዬ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ከፊቴ ባለው የመናገሪያ ጠረጴዛ ከፍታ የተነሣ ከፊት ያሉት ያዩት ግንባሬን ብቻ ነው። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "ሚስ፣ ይህ እውነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው" አሉ። "ከሆነ" የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርገው። ከኋላ የተቀመጡት የዚያኛው ከተማ ሰዎች አልጠየቁኝም። ይጽፉ ነበር።

ስለ ሃራዳን ባቡ ወሬ ሰፋ አድርጌ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ሰው ብዙ ይላል። እስከ ኖቬምበር ጥቂት ወራት ናቸው የቀሩት፤ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካው አደራ። በዚህ ክረምት ሩዙ ቶሎ ቶሎ ቢቀየር ጥሩ ነው።

የሚረዱኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ልጅዎ፣ ቡሊ


ዳርጂሊንግ፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1946

ለልጄ ለቡሊ፣ ጎፓል ዘላለም ይጠብቅሽ፣ ስምሽን ያስጠራው

ካልካታ ውስጥ ሰው ሰውን ሲያርድ ሰንብቶ ባቡሩም ፖስታውም ቆሞ ነበር፤ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ገና አሁን ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጠየቅሁሽ ነገር አንድም ቃል የለበትም። ልትዋሺኝ አልፈለግሽም፣ እውነቱን ልትነግሪኝም አልጨከንሽም። ገባኝ፣ ልጄ። አልተቀየምኩሽም።

አሁን ግን ደስ ይበልሽ፤ መላ ተገኝቷል!

ካህኑ ቤት ድረስ ሄጄ "የረከሰ ነገር በምን ይነጻል?" አልኳቸው። "በጋንጋ ወንዝ ውሃ ነዋ፣ ሌላ ምን አለ?" አሉኝ። የባሌን አመድ ቤናሬስ ወስጄ ወንዙ ላይ የበተንኩ ጊዜ ከዚያው የቀዳሁት የጋንጋ ውሃ በናስ እንስራ ታሽጎ አለ። ነፍሴ ስትወጣ ከንፈሬን የሚያርሱልኝ በእሱ ነበር። የእኔ ሞት ይቆያል፣ ያንቺ ሥራ ግን አይቆይም ብዬ ከፈትኩት።

ስሚኝ እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት፤ ያልሽኝን አንዱንም አልረሳሁም። ብርሃን አይየው ብለሽ የለ? በዕቃ ቤቱ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ደራርቤ ሰቀልኩ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ፣ ማይሊን ደጅ ዘበኛ አደረግኳት። እጄን እንኳ አላየሁትም፤ ሁሉንም በዳሰሳ ነው። እርጥበት አይንካው ብለሽ የለ? የዝናብም የምንጭም ጠብታ አልደረሰበትም። ጋንጋ ደግሞ ውሃ አይደለችም፣ እናት ናት፤ እስከ ዛሬ እንስራው ውስጥ አልሸተተች፣ አልተለወጠች። ጥቁሩን ወረቀት እየፈታሁ፣ ስምሽን እየጠራሁ፣ አንድ በአንድ አጠብኳቸው። ላያቸው እንዴት ለሰለሰልኝ መሰለሽ! የሕፃን ገላ የማጥብ ነበር የመሰለኝ። በንጹሕ ሐር ጠቅልዬ፣ በትኩስ ሩዝ ከብቤ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው።

ካህኑ ተመልሰዋል። ሴቶቹም በረንዳዬ ላይ ናቸው፤ ይህን ስጽፍ አንዷ "ለቡሊ ሰላም በዪልን" እያለች ክንዴን ትገፋኛለች፣ ጽሑፌ የተጣመመው ለዚያ ነው። ሃራዳን ባቡ ሻይ ጠጥተው፣ ደግመው፣ "ኪሮዳ፣ አንቺ ወንድ ብትሆኚ ጠበቃ ይወጣሽ ነበር" አሉኝ። "ወንድ ብሆን ወሬኛ ነበር የሚወጣኝ" አልኳቸው።

ሰማዩ አሁን በንጹሕ ገጽ ላይ ነው የሚጽፍልሽ።

የምትባርክሽ፣ ፒሺማ


ማንችስተር፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1946

ውድ ፒሺማ፣ እግርዎን ነክቻለሁ።

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ።

ሳጥኑን አሁኑኑ ይላኩልኝ። ኖቬምበርን አይጠብቁ። እንዳለ ይምጣ፤ አይክፈቱት፣ ሩዙንም አይቀይሩት፣ ሐሩንም አይፍቱት። ወደ እንግሊዝ የሚመጣ ሰው ካለ በእጁ ይያዘው፤ ከሌላው ጓዝ ጋር መርከብ ሆድ ውስጥ እንዳይከቱት።

ያንን ውሃ ለምን እንዳኖሩት አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ።

ቡሊ


ዳርጂሊንግ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1946

ለልጄ ለቡሊ

ጎፓል ሳጥንሽን በባሕር ላይ ይጠብቅልሽ። የአንድ የሻይ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ወደ አገሯ ስትመለስ ይዛልሽ ሄዳለች። ፈረንጅ ናት፤ ግን እንደ ሰው ታዳምጣለች። "ከሻንጣዎ አያስገቡት፣ ጭንዎ ላይ ያድርጉት" ብላት "ልጅ አለኝ እኮ፣ እማማ" አለችኝ። "ልጅዎ መራመድ ይችላል፣ ይሄ አይችልም" አልኳት። በሻሌ ጠቅልዬላታለሁ፤ ሻሉ ያንቺ ነው፣ አትመልሺው።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ አጭር ነው። ፊደልሽም እንደ ወትሮው እጅ ለእጅ አልተያያዘም። ብርዱ ነው? ወይስ ሰዎቹ ቀደሙሽ? "ቡሊ" ብለሽ ብቻ ነው የፈረምሽው፤ "ልጅዎ" የሚለውን የት ጣልሽው? ማይሊ "ቸኩላ ይሆናል" ትለኛለች። እኔም ቸኩላ ነው ብያለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ክሩም ይበቃኛል። ጽሑፉ ሲወጣ በፎቶ አድርገሽ ላኪልኝ። ባይገባኝም ከጎፓል ክፍል በር አጠገብ እሰቅለዋለሁ። ሃራዳን ባቡ ከወዲሁ "በቤንጋሊ ነው በእንግሊዝኛ የተጻፈው?" እያሉኝ ነው።

ፒሺማ


ማንችስተር፣ ማርች 5 ቀን 1947

ውድ ፒሺማ፣ እግርዎን ነክቻለሁ።

ሳጥኑ ደርሷል። ሴትዮዋ ራሷ ይዛልኝ መጣች፤ እውነትም ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ሻሉ ይሞቃል። ይህን ስጽፍ ለብሼዋለሁ።

መስታወቶቹን ሁሉንም አንድ በአንድ በመድኃኒቱ አጠብኳቸው። ሥራው የአንድ ሰው ስለሆነ ማንንም አላስገባሁም። ከዚያ ማጉያው ሥር አስቀምጬ ከጥግ እስከ ጥግ አየኋቸው። ጨርሼ ደግሜ አየኋቸው። ፕሮፌሰር ሃርግሪቭ መጥተው እኔን ከወንበሬ አስነሥተው እሳቸው ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። ተነሥተው ወጡና ሻይ በእጃቸው ይዘውልኝ ተመለሱ። እዚህ ለማንም ሻይ ይዘው ሲመጡ አይቼ አላውቅም። ስኳሩን ረስተውት ነበር፤ ጠጣሁት።

ሰማዩ በዚህ ጊዜ አልጻፈም፣ ፒሺማ። አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። የሰማዩ ጉዳይ ነው፣ የማንም አይደለም። ስለዚህ የሚሰቀል ፎቶ የለም።

ድግሪዬን በሌላ ርዕስ እንድጨርስ ተስማምተናል። ጥሩ ርዕስ ነው፤ ብዙ ሰው ሠርቶበታል።

ሩዙን ከዚህ በኋላ አያስቆሉ። ደረጃውንም አይውጡ።

ልጅዎ፣ ቡሊ


ዳርጂሊንግ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1947

ለልጄ ለቡሊ፣ ጎፓል ባለሽበት ይሁንልሽ

አልጽፍም ብዬ ቆይቼ ነበር። ምን ልጻፍ? አገሩ ለሁለት ተሰንጥቆ የአባትሽ ቦሪሻል ሌላ አገር ሆኗል አሉ። አባትሽ እንኳን ይህን ሳያይ ሄደ። በየቀኑ ጓዙን በራሱ የተሸከመ ሰው በባቡር ይወጣል፤ ከቦሪሻል የመጣ ዘመድ ይኖር እንደሆን እያልኩ ጣቢያ እወርድ ነበር፤ አሁን ተውኩት።

የጻፍኩልሽ ግን ስለዚህ አይደለም። ትናንት ሃራዳን ባቡ ጋዜጣ ይዘው መጡ። እንደ ወትሮው ከበር ጀምረው አላወሩም፤ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን ሲወለውሉ ቆዩ። "ምን ሆነዋል ዛሬ?" ብላቸው አነበቡልኝ። በአውሮፓ ተራራ ላይ መስታወት ያስቀመጡ ሰዎች አዲስ ነገር አገኙ ይላል። መጥቶ፣ ቆሞ፣ ሌላ ነገር ሆኖ የሚሄድ። ዓለም ሁሉ ተደንቋል ይላል። "ኪሮዳ፣ ይሄ እኮ የልጅቱ ነገር ነው" አሉኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ቃል በቃል ነው፣ ቡሊ።

ታዲያ ለእነሱ የጻፈ ሰማይ ለእኛ ለምን ከለከለ? የእነሱ ተራራ ከእኛ ይበልጣል እንዴ? ሃራዳን ባቡን ጠየቅኋቸው። እኚያ ወሬ የማያልቅባቸው ሰው ጋዜጣውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ "እኔ ፎቶ ቤት ባልሄድ ይሻል ነበር" ብለው ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጡ። ምን ማለታቸው ነው? ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።

አንድ ጊዜ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። ይህን ግን መልሺልኝ። እኛ ያጠፋነው ነገር አለ? እኔ ያጠፋሁት? ካለ ንገሪኝ። አሮጊት ናት ብለሽ አትማሪኝ። ጎፓል ፊት ስቀመጥ ስለ ምን ይቅር በለኝ እንደምለው ልወቅ።

ፒሺማ


ካልካታ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1948

ይድረስ ለውድ ፒሺማዬ፣ ለኪሮዳ

ቀረብ ካለ ቦታ ሆኜ እግርዎን ነክቻለሁ። እንደሚያዩት ተመልሻለሁ። ድግሪዬን ይዤ፣ በሰላም። ወደ እርስዎ ሳልመጣ የቀረሁት ሥራ ስለጀመርኩ ነው እንጂ በሌላ አይደለም። ደብዳቤዎ ማንችስተር ደርሶ፣ እኔን አጥቶ፣ እዚህ ተከትሎኝ መጣ፤ የዘገየሁት ለዚህ ነው።

የጠየቁኝን እመልሳለሁ። ምንም አላጠፉም። ጋዜጣው ላይ ያለው የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። የእኔ ከሩቅ ሲያዩት ይመስላል እንጂ ሌላ ነበር፤ ትንሽ ነገር ነበር፤ መጨረሻውም ያው ባዶ ነበር። ሳጥኑ የትም ቢቀመጥ፣ ማንም ቢጠብቀው ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር። ለሃራዳን ባቡም እንዲሁ ይንገሩልኝ፤ ፎቶ ቤት መሄዳቸው የለወጠው ነገር የለም። እህልዎን ይብሉ።

ሥራዬ በሴቶች ኮሌጅ ማስተማር ነው። ቤተ ሙከራ የሚሉት አንድ ቁም ሣጥን ነው፤ ቁልፉ ርእሰ መምህሯ ጋ ይውላል። ማጉያ መነጽር የለም። ለምርምር ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ "ለሴት መምህራን ገና አልታሰበም" የሚል መልስ መጥቷል። የተጻፈበት ወረቀት ጥሩ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። አንዷ በተለይ ሁሌ ከፊት ትቀመጥና ያላስተማርኩትን ትጠይቀኛለች።

በመጪው ዓመት አዲሱ ግኝት በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል፤ አስቀድመን እንድናስተምረው ታዘናል። ማክሰኞ ክፍል ገብቼ ጀመርኩት። ያቺ ልጅ እጇን አወጣች።

"መምህርት፣ ማን ነው መጀመሪያ ያየው?"

የሰዎቹን ስም ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸው። ፈረንጅ ስም ስለሆነ ያስቸግራል፤ ለፈተናም ይመጣል። እንዳይሳሳቱ ደግሜ አስጻፍኳቸው።

ልጅዎ፣ ቡሊ